የአጭሩ ቆጣሪ ጭራ

በቀደም ወጣት አስተማሪዎች ሻይ ቤት ተሰብስበው ሲከራከሩ ደረስኩ። የተነሳው የሰዓት ጉዳይ ነበር፤ ልጆች ቆጣሪ ያለውን ሰዓት ማንበብ መማር አለባቸው ወይስ የለባቸውም? ሁሉም ቤት ስልክ አለ፣ ስልኩ ላይ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፣ ታዲያ ሕፃኑን ምን አስጨነቀን ይላል አንዱ። አንዷ ወደ እኔ ዞራ «እርስዎ ሠላሳ ዓመት አስተምረዋል፤ ምን ይላሉ?» አለችኝ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ ሄድኩ። ጥጋበኛ አሮጊት ብለውኝ ይሆናል፤ ይበሉ። እኔ ስለ ሰዓት የማወራው ካለ የድርቤን ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ ሻይ ላይ የሚወራ አይደለም።

ድርቤን በደርግ ጊዜ ከነቀምቴ ገበያ አንጮቴ፣ ያን የወለጋ ሥራ ሥር፣ የገዛ ሰው ሁሉ ያውቃታል። የተወለደችው ከኡኬ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። ደረሳ የሚባል ግንበኛ አግብታ ወደ ከተማ መጣች፤ ደረሳ ለሥራ ዲዴሳ በወረደ በሁለተኛው ወር ወባ ገደለው። ታፋ የሚባል ወንድ ልጅና ገና ጡት ያልጣለች ቀለሟ የምትባል ሴት ልጅ ትቶላት ነው የሞተው። ድርቤ አልቅሳ ስታበቃ ነጠላዋን አጥብቃ ገበያ ወጣች። አንጮቴዋን ከነአፈሩ አትሸጥም ነበር፤ አጥባ፣ ትልቁን ከትልቅ ትንሹን ከትንሽ ጋር ደርድራ ነው የምትቀመጠው። ደንበኛ ከድርድሩ መሃል መርጦ ሲያነሳባት ትቆጣለች። እኔንም ተቆጥታኝ ታውቃለች፤ የተዋወቅነው በዚያው ነው።

መሠረተ ትምህርት የመጣ ጊዜ እሷም እንደ ሰፈሩ ሴት ሁሉ ደብተር ይዛ ቀበሌ ተሰለፈች። ፊደሉ አልገባ ብሏት ተወችው። ቁጥር ላይ ግን ማንም አይቀድማትም ነበር፤ የመኪና ታርጋ ሳይቀር እያነበበች ትሄዳለች። ያሸነፋት ቁጥር ቢኖር የሰዓት ቁጥር ብቻ ነው። አንድ ቀን የጉራጌው ነጋዴ የወልደዮሐንስ ሱቅ በር ላይ ቆማ፣ በመስታወቱ ውስጥ የሚታየውን የግድግዳ ሰዓት እያየች «አሥራ ሁለቱም ቁጥር እዚህ አለ፤ ታዲያ አሁን የቱ ነው?» አለችኝ። ሳቅሁባት። ይኸውና እስከ ዛሬ ያችን ሳቄን አልረሳኋትም።

ቀለሟ ሦስተኛ ክፍል ስትደርስ የእኔ ተማሪ ሆነች። ሦስተኛ ክፍል ሰዓት ንባብ አለ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ሰዓት ማስተማር እንደ ሬት ይመረኝ ነበር። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ዲጂታል ሰዓት አምጥቶልኝ ነበር፤ በነቀምቴ አስተማሪ ዘንድ የመጀመሪያው ነው መሰለኝ፣ እጄን እያወዛወዝኩ ነው የምሄደው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ልጆቹ ሁሉ ይህንኑ ያስራሉ፣ የካርቶን ሰዓት እየቆረጥኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የምጮኸው ለምንድን ነው እል ነበር። ስለዚህ በሁለት ክፍለ ጊዜ ልጨርሰው ቆረጥኩ።

በመጀመሪያው ቀን ረጅሙ ቆጣሪ ደቂቃ፣ አጭሩ ሰዓት እንደሚቆጥር፣ በአምስት በአምስት መቁጠርንም አስተማርኩ። በሁለተኛው ቀን አስቸጋሪው መጣ። የከተማችን የግድግዳ ሰዓት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ ነው፤ ጠዋት በእኛ ሦስት ሰዓት ሲሆን አጭሩ ቆጣሪ ዘጠኝ ላይ ይቆማል። ሰው ግን መላ አለው፤ ጫፉን ትቶ በስተኋላው ጭራው የሚያመለክተውን ያነባል። የዘጠኝ ፊት ለፊት ሦስት ነው። «ጭራውን አንብቡ» አልኳቸው። «ጭራውን!» እያሉ ደጋግመው ጮኹልኝ። ይህ ለአጭሩ ብቻ ነው፣ ደቂቃ የትም አገር ደቂቃ ስለሆነ ረጅሙን በጫፉ ነው የምታነቡት ልል አፌን ስከፍት፣ ለሠራተኞች ቀን ሰልፍ ልምምድ ክፍሉ ይውጣ ተባለ። ልጆቹ እየተጋፉ ወጡ። ነገ እጨርሰዋለሁ አልኩ። ነገም ሰልፍ ነበር። ከዚያ ወደ ማካፈል አለፍኩ።

ድርቤ ልጇ ሰዓት ማንበብ ተማረች ብላ የተደሰተችውን ደስታ ልንገራችሁ። በወልደዮሐንስ ሱቅ ባለፉ ቁጥር ታቆማታለች። «ስንት ነው፣ ኢንተላ ኮ?» ትላለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። ልጅቷ ጣቷን ወደ መስታወቱ ዘርግታ ትናገራለች። እናት ግራ ቀኝ ታያለች፣ ሰው ሰምቶ እንደሆነ። ግማሽ ሰዓት አልፎ ግማሽ ሰዓት ቀርቶ ለአንጮቴ ሻጭ ምን ልዩነት አለው? አንድም ቀን የተሳሳተ ነገር እንዳለ አላወቁም።

የዚያው ዓመት፣ ሰባ ስምንት መሆኑ ነው፣ ክረምቱ መግቢያ ላይ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። ታፋ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ግን አባቱን መስሎ ቁመቱ በር አያስገባውም ነበር። ኳስ ሲጫወት ከሜዳ ያዙት። ኮታ መሙላት ነበረባቸው፤ ቁመት እንጂ ዕድሜ ማን ይጠይቃል። ጫማውን ለኳስ አውልቆ ቤት ትቶት ስለነበር በባዶ እግሩ ነው የወሰዱት።

ድርቤ ሁለት ቀን ምልምሎቹ ከታሰሩበት ሜዳ አጥር ሥር ዋለች። በሁለተኛው ቀን ማታ ገደማ አንድ መኮንን አዘነላትና «ልጁ ዕድሜው እንዳልደረሰ ከትምህርት ቤቱ ማስረጃ አምጪ፤ እለቅልሻለሁ። ግን መኪናዎቹ ነገ ጠዋት ልክ በሦስት ሰዓት ይነሳሉ። ከሄዱ በኋላ የእኔ ሥልጣን አይደለም» አላት። ሰውየው ቃሉን የሚጠብቅ ነበር፤ በማግስቱ አንዲት የሲሬ ሴት ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሲል እንዲህ ያለ ወረቀት ይዛ ገብታ ልጇን እጁን ይዛ ወጥታለች። ይህን ከሴትየዋ ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ።

በማግስቱ ድርቤ ቀለሟን አስከትላ ገና በጠዋት ከሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት በር ላይ ተገኘች። መዝገብ ቤቱ ተከፍቶ፣ ወረቀቱ ተጽፎ፣ ማኅተሙ እስኪመታ ድረስ እጇን እያፋተገች ጠበቀች። ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ከትታ ስትሮጥ ወልደዮሐንስ ሱቅ ጋ ደረሰች። ከዚያ እስከ ሜዳው አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው።

«ስንት ነው?» አለች።

ቀለሟ አየች። «ሁለት ከአምስት።»

ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ነበር። አጭሩ ቆጣሪ በስምንትና በዘጠኝ መሃል ነበር፤ ጭራውን ሁለት ብላ በትክክል አነበበች። ረጅሙ ሰባት ላይ ነበር፤ የእሱንም ጭራ አየች፤ ጭራው አንድ ላይ ነው። አንድ ማለት አምስት ደቂቃ። መምህሯ ያለቻትን ነው ያደረገችው።

ድርቤ ሰማይ የተከፈተላት መሰላት። ሃምሳ አምስት ደቂቃ አላት ማለት ነው። ያን ጊዜ ጫማው ትዝ አላት። ልጇ በዚያ ጭቃ በባዶ እግሩ ወደ ቤት አይመጣም፤ ደግሞም ምናልባት፣ ምናልባት ወረቀቱን አልቀበል ቢሏት፣ በባዶ እግሩ ጦር ሜዳ አይሄድባትም። ወደ በከኒሳ ቀሴ፣ ወደ ቤቷ አቀናች። ሸራ ጫማውን ከአልጋው ሥር አወጣች። ጭቃ ነበረበት። አጠበችው። አንጮቴ እንኳ ሳታጥብ የማትሸጥ ሴት የልጇን ጫማ ከነጭቃው ልትወስድለት አልሆነላትም።

ሜዳው ጋ ስትደርስ አጥር ጠባቂው ብቻውን ቆሞ ነበር። የመኪናዎቹ ጎማ ጭቃው ላይ ያወጣው መስመር ገና ውሃ አልሞላበትም። «አሁን ሄዱ» አላት። «ገና ሦስት አልሆነም!» አለችው። ትከሻውን ነቀነቀ። ቀለሟን ጎረቤት ትታ የጭነት መኪና ለምና ሲሬ ድረስ ሄደች። እዚያ መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ ሴት መኪናዎቹ ሳይቆሙ ማለፋቸውን ነገረቻት፤ ልጆቹ እየዘፈኑ ነበር አለቻት። ድርቤ ጫማውን ታቅፋ እዚያው ሲሬ አውቶቡስ መቆሚያ ላይ አደረች።

ከተመለሰች በኋላ የያዘችው ነገር አንድ ነው፤ መኪናዎቹ ከሰዓቱ በፊት ሄዱ። ሦስት ብለው ከሦስት በፊት። ላገኘችው ሁሉ ይህንኑ ትናገራለች። እውነቷን እንደሆነ በሙሉ ልቧ ታምናለች። ልጇ ሁለት ከአምስት ብላታለች፣ እሷ ደግሞ ቤት ገብታ ለመውጣት የፈጀችውን ታውቃለች። ሀዘኗን ያቆመላት ቁጣዋ ነበር። ሌሎቹ እናቶች ወድቀው ሲያለቅሱ እሷ ማመልከቻ ታጽፍ ነበር።

እኔ ነገሩን የደረስኩበት መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ነው። ቀለሟ አራተኛ ክፍል ገብታ በእረፍት ሰዓት ወደ እኔ መጣች። «ቲቸር፣ እኔ አይቻለሁ። ሁለት ከአምስት ነበር። ጭራው አንድ ላይ ነበር» አለችኝ።

«የትኛው ጭራ?»

«የረጅሙ።»

እዚያው ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። ልጅቷ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፤ ጎበዝ እንድላት ነው የምትጠብቀው። «ጎበዝ» አልኳት። ሌላ ምን ልበል? አንቺ ነሽ ወንድምሽን የሰደድሽው ልበላት? እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። እሱንም አላልኩም።

ይልቅ ወደ ድርቤ ሄድኩ። ማመልከቻውን ትተወው ዘንድ ለመንኳት። አደገኛ ነው፣ መንግሥትን ዋሸ ማለት ነው፣ ያስሩዎታል አልኳት። ይህ እውነት ነበር፤ ግን የፈራሁት እሱን አልነበረም። ድርቤ አንጮቴዋን እየደረደረች ቀና ብላ አየችኝ። «ባርሲስቱ» አለችኝ፤ አስተማሪ ማለቷ ነው፤ «እርስዎም ፈሩ?» ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም።

ኅዳር ላይ ማመልከቻው ዞሮ ዞሮ እኛው ቀበሌ ተመለሰ። ሊቀመንበሩ ኦቦ ጨመዳ እናትና ልጅን አስጠራ፤ የልጅቷ መምህር ብሎ እኔንም። ቢሮው ውስጥ ጸሐፊውና ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ተቀምጠዋል። ከጨመዳ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሰዓት ተሰቅሏል። ገና ስገባ አየሁት።

ጨመዳ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን በእሱ ቀበሌ እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎ እንዲቀር አይፈልግም። «መኪናዎቹ ልክ በሦስት ሰዓት እንደተነሱ በጽሑፍ አለ» አለ። «አንቺ ደግሞ ከሦስት በፊት ነው ትያለሽ። ማስረጃሽ ምንድን ነው?»

«ልጄ ናት» አለች ድርቤ። «ሰዓት ታውቃለች።»

«ይህች?»

«ይጠይቋት።»

ጨመዳ ወንበሩን አዙሮ ሰዓቱን አሳያት። «እስቲ፣ ስንት ነው?»

ልለምነው ፈለግሁ። ልጅቷን አትጠይቋት፣ እኔን ጠይቁኝ ልል ፈለግሁ። ቀለሟ ነጠላዋን አስተካከለች፣ እንደ ክፍል ውስጥ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ሁለቱንም ጭራዎች ተራ በተራ አየቻቸው።

«ለአምስት ሃያ ጉዳይ» አለች።

መጀመሪያ የሳቀው ጸሐፊው ነው። ከዚያ ሁለቱ የጥበቃ ሰዎች። ጨመዳ አልሳቀም፤ ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ ሐረግወይን፣ ትክክል ናት?»

ድርቤ ለምን እንደሚስቁ አልገባትም ነበር። እሷም ወደ እኔ ዞረች። ያን ጊዜ ነው ዓይኗ ያረፈው፤ ፊቴ ላይ አይደለም፣ እጄ ላይ። እጅጌዬን ስቤ ልሸፍነው ስል ደረሰችበት። ዲጂታሉ በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ነው። አራት ይላል፤ ቀጥሎ አሥራ አንድ። የመኪና ታርጋ እያነበበች የምትሄድ ሴት ናት። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አራት። አሥራ አንድ። ወደ ግድግዳው አየች፣ ወደ ልጇ አየች፣ እንደገና ወደ እጄ። ስትቆጥር አየኋት። ምን እንደምትቆጥር አወቅሁ፤ ከወልደዮሐንስ ሱቅ እስከ ሜዳው ያለውን አሥር ደቂቃ ነው። ከዚያ ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ ጠፋ። አምስት ወር ሙሉ ያቆማት እሱ ነበር። እንደ እሷ ዓይነት ፊት ከዚያ በኋላ አይቼ አላውቅም፤ እንዳላይም እጸልያለሁ።

ቀለሟ ሳቁ ግራ ገብቷት «እማዬ፣ ተሳሳትኩ?» አለች።

ድርቤ ጎንበስ ብላ የልጇን ነጠላ አጣፋችላት። «የለም፣ ኢንተላ ኮ። ትክክል ነሽ። የእነሱ ሰዓት ነው የተበላሸው» አለቻት። ቀና ብላ ለጨመዳ «ማመልከቻዬን ይመልሱልኝ። ትቼዋለሁ» አለች። ጨመዳ ወረቀቱን ጥቂት አየው። ገብቶት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ አጥፎ ሰጣት።

ውጭ ስንወጣ ልጅቷን ወደ ፊት አስቀደመቻት። በእጇ ክንዴን ያዘችኝ፤ ጣቶቿ እንደ ምስማር ነበሩ።

«ያውቁ ነበር?»

«አዎ» አልኩ።

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ ቀጥዬ። ሰማችኝ አልሰማችኝ እንጃ። የምታየው ፊት ለፊት የምትሄደውን ልጇን ነበር።

«ማሎ፣ ባርሲስቱ» አለች፤ እባክዎን ማለቷ ነው። «ሰዓት አያስተምሯት። ሌላም ሰው እንዳያስተምራት ያድርጉ። ካወቀችው ይገድላታል።»

ማልኩላት። በሚቀጥለው የመምህራን ስብሰባ ላይ፣ ዘመኑ የዲጂታል ነው፣ ቆጣሪ ያለው ሰዓት ከትምህርት ቤታችን ይውጣ ብዬ ተሟገትኩ። ተድላ የሚባል የሂሳብ መምህር «ያበድሽ ነሽ እንዴ፣ ልጅ እንዴት ሰዓት አያውቅም?» አለኝ። ጮህኩበት። ስድብም ጨመርኩበት። ለሰላም ብሎ ተወኝ፤ ሁለት ዓመት በእኛ ትምህርት ቤት ካርቶን ሰዓት አልተሰቀለም። ከሁለቱ ዓመት ተማሪዎች ስንቱን ደንቆሮ እንዳደረግሁ እግዜር ይወቀው። አንድም ቀን አልተጸጸትኩም።

ከታፋ አንድ ደብዳቤ እንኳ አልመጣም። መርዶም አልመጣም። ድርቤ ገበያ መውጣቷን አልተወችም፤ አንጮቴዋን ግን ማጠብ ተወች። ከነአፈሩ ከምራ ትቀመጣለች፤ ሰው ከፈለገበት መርጦ ያነሳል፣ አትቆጣም። ወደ ወልደዮሐንስ ሱቅ በኩል ያለውን መንገድ ትታ ልጇን በታች በኩል፣ በጭቃው ዞራ ትወስዳት ነበር።

ቀለሟ ስድስተኛ ክፍል ስትገባ እናቷ ዲጂታል ሰዓት ገዛችላት። ከየት አምጥታ እንደገዛችው አልጠየቅሁም። ልጅቷ በእረፍት ሰዓት ልታሳየኝ መጣች። ለእጇ ሰፍቶባት በላስቲክ አጥብቃዋለች። ጥሩ ነው አልኳት፤ እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። አልሄደችም። እግሯን እያየች ቆመች።

«ቲቸር» አለች፤ «ጭራው የአጭሩ ብቻ ነው አይደል?»

ዘወር ብዬ ሰው እንዳልሰማን አየሁ።

«ካወቅሁት ቆየ። ያኔ ቀበሌ ሲስቁ፣ ቤት ገብቼ ሰዓት በካርቶን ሠርቼ አየሁት። በማግስቱ አቃጠልኩት።» ሰዓቱን ወደ ክንዷ ከፍ አድርጋ ሳበችው። «ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ። አላወቀችም ብላ ነው የምታስበው፤ ማወቄን ካወቀች ይገድላታል።»

ለእሷም ማልኩላት። ደወሉ ተደወለና ወደ ክፍሏ ሄደች።